መምህርት ትርንጎና የአባ ግስግስ ዋይፋይ

መምህርት ትርንጎ አስታራቂ አልነበረችም። ዳንግላ በተቀበረች ዕለት ማይክሮፎን የያዘው ሰውዬ «ሁለት ወንድማማቾችን ያስታረቀች የሰላም እናት» ሲል አጠገቤ የቆሙት ሴቶች እንባቸውን ጠረጉ። እኔ ሳቄ መጣና አፌን በጋቢዬ ሸፈንሁ። አንዱ ያለቀስሁ መስሎት ትከሻዬን ያዘኝ። ትርንጎ ብትሰማው ኖሮ ማይክሮፎኑን ነጥቃ መጀመሪያ ያንን ጆሮ የሚበጥስ ጩኸቱን ታስተካክል ነበር፤ ቀጥላም «ማንንና ማንን ነው ያስታረቅሁት? እዚህ ካሉ እጃቸውን ያውጡ» ትል ነበር። ሁለቱም እዚያው ነበሩ። አንደኛው ከመቃብሩ በስተቀኝ፣ ሌላው በስተግራ፣ ሕዝቡን በመካከላቸው አድርገው።

በለቅሶ ላይ በሚነገረው ከሄድን በዚህ አገር እስካሁን የሞተ ክፉ ሰው የለም። ቆንቋናው «ቆጣቢ»፣ ነገረኛው «እውነት ተናጋሪ» ተብሎ አፈር ይለብሳል። ትርንጎ ክፉ አልነበረችም፤ ግን እንዲህ ዓይነት እጥበት አያስፈልጋትም። መሞቷን በስልክ የነገረኝ የድሮ ባልደረባችን «አረፈች» ካለ በኋላ «አሁን ማን ይቆጣናል?» ነው ያለኝ። ከሰማኋቸው የለቅሶ ቃላት ሁሉ የማምነው ይህንን ብቻ ነው።

እንጅባራ በአንድ ትምህርት ቤት እሷ ኮምፒውተር፣ እኔ ታሪክ እናስተምር ነበር። በእኛ አገር ሰላምታ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የልጁም የከብቱም የአዝመራውም ደኅንነት ተጠይቆ እስኪያልቅ ሻይ ይቀዘቅዛል። ትርንጎ ያን ሁሉ ዘልላ «ምን ሆነ?» ትላለች። ሰው ቤት ኮምፒውተር ልታይ ስትገባ አትቀመጥም። ወንበር ሲያቀርቡላት «ከተቀመጥሁ ሻይ ታመጣላችሁ፤ ሻይ ከጠጣሁ ደግሞ ማን እንደነካካው አትነግሩኝም» ትላለች። እርሳሷን ከሹሩባዋ መዝዛ በእጇ ታዞራለች እንጂ ቶሎ ማሽኑን አትነካም። መጀመሪያ ሰዎቹን አንድ በአንድ ታያለች። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በዚያ አስተያየት ብቻ ይናዘዝ ነበር።

ለኔትወርክ ስም የሰው ስም መስጠት ያናድዳት ነበር። በትምህርት ቤታችን ዋይፋዩ የተሰየመው በርእሰ መምህሩ ስም ነበር። ርእሰ መምህሩ ወደ ቻግኒ ሲዛወር አዲሱ የእሱ ስም እንዲገባ አዘዘ። ትርንጎ «ክፍል ዘጠኝ» ብላ አስገባችው። ሰውየው ቢሮ ድረስ ጠርቶ ሲቆጣት «እርስዎም ይዛወራሉ፤ ክፍል ዘጠኝ ግን የትም አይሄድም» ብላው ወጣች። ከዚያ በኋላ የደረጃ እድገቷ ለምን እንደዘገየ የጠየቀ ሰው ካለ መልሱ ይኸው ነው።

ዳንግላ ላይ ደግሞ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሐጂ፣ ጎረቤት እንዳይሰርቅባቸው ብለው ዋይፋያቸውን «ቫይረስ አለው» ብለው ሰየሙት። ወር ሳይሞላ ቤታቸው ኢንተርኔት የለም ብለው አስጠሯት። ሱቁንም ቤቱንም ዞራ አየችና «ሌባው አልፈራም ሐጂ፤ የፈሩት ባለቤትዎ ናቸው» አለቻቸው። እመቤቲቱ ስልካቸው እንዳይታመም ብለው አንድም ቀን አልነኩትም ነበር። ሐጂ ስቀው ለቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ሊቆርጡላት ሲነሱ «ስሙን ይቀይሩና ከእርስዎ እገዛለሁ» አለቻቸው። ስሙን ቀየሩ፤ ጨርቁንም ገዛች፤ ዋጋ ላይ ግን ተጨቃጨቀች።

እነዚህ እንግዲህ የሚያስቁት ናቸው። የማያስቀው የልየውና የቢተው ነው።

ሁለቱ ወንድማማቾች የእኔ ጎረቤቶች ናቸው። አባታቸው ስሙ የተጠራ ፈረሰኛ ነበሩ። ፈረሳቸው ግስግስ ስለሚባል አገሩ ሁሉ «አባ ግስግስ» ነበር የሚላቸው፤ የመጠሪያ ስማቸውን የሚያውቀው ቀበሌው ብቻ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ልጆቹ በውርስ ተጣሉ። ሽማግሌ ገባ፣ ወጣ፣ ሰለቸ። በመጨረሻ ረጅሙን ቤት በቀርቀሃ ግድግዳ ከፍለው በጭቃ መረጉት። የቀኙ ጫፍ ለታላቁ ለልየው፣ የግራው ለታናሹ ለቢተው ሆነ፤ መካከለኛዋ ክፍል የእናታቸው የእማማ ጥሩወርቅ ሆና ቀረች። ልየው እናቱን በፊት በር፣ ቢተው በጓሮ በር እየገቡ ይጠይቋቸዋል። አንዱ ያለበትን ሰዓት ሌላው አይደፍርም።

ልየው ዋይፋይ ሲያስገባ ስሙን «አባ ግስግስ» አለው። ቢተው ይህን ሲሰማ የራሱን አስገባና እሱም «አባ ግስግስ» አለው፤ በዚያው በላቲን ፊደል፣ አንዲት ሆሄ ሳይለውጥ። «አባት የእኔም ነው» ነበር ምክንያቱ። ፈረስ ቢኖር ፈረሱን ይካፈሉ ነበር፤ ፈረስ ስለሌለ ስሙን ሁለቱም ሙሉውን ወሰዱት።

እማማ ጥሩወርቅ ስኳር አለባቸው። በዚያ ሰሞን የእግራቸው ጣት መጥቆር ጀመረ። የከተማው ሐኪሞች ባሕር ዳር የሚያያቸው ሐኪም ያስፈልጋል አሉ። መንገዱ ግን የሚያስተማምን አልነበረም፤ መኪና አንድ ቀን ይወጣል፣ ሦስት ቀን ይቆማል። ባሕር ዳር ያለው ሐኪም በስልክ እያወራ መንገዱ እስኪከፈት መጠበቅ ይቻል እንደሆነ ለመወሰን እግሩን ማየት አለብኝ አለ። ልየው ፎቶ አንስቶ ከራሱ ክፍል ላከለት። «ፎቶው ጥቁር ነው የሚያሳየኝ። ጣቱን ስትጫኑት አይቼ፣ እሳቸውን ጠይቄ ነው የማውቀው» ሲል መለሰና በማግሥቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቪዲዮ እንዲያገኙት ቀጠራቸው። ዘጠኝ ተኩል ላይ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል።

የስልክ ዳታ በዚያ ሰሞን አይሠራም፤ ያለው በሽቦ የሚገባው ኢንተርኔት ብቻ ነበር። ልየው የቤት ኮምፒውተሩን ተሸክሞ እናቱ ክፍል አስገባ። ኮምፒውተሩ «አባ ግስግስ»ን ያያል፣ ይገናኛል፣ ወዲያው ይቋረጣል፣ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ትክክለኛው ሲጻፍለት ስህተት ነው ይላል። ስልኩም ያው። ልየው መጽሐፍ ስለማነብ ኮምፒውተርም የማውቅ ይመስለዋልና እኔን ጠራኝ። እኔ ትርንጎን ጠራሁ።

ስንደርስ ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሊሆን ነው። ሱቁ ሁሉ ዝግ ነበር፤ በጎዳናው አንድም ባጃጅ አይታይም። ልየው ዓይኑ ቀልቶ ክፍሉ ውስጥ ይንጎራደዳል።

«መምህርት፣ ሰብሮ ገብቶብኛል። የይለፍ ቃሌን እየቀየረብኝ ነው። ዛሬ ይህን ሰውዬ ፖሊስ ካልወሰደው እኔ እወስደዋለሁ!»

«ማን?» አለች ትርንጎ፣ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል።

ስም ከመጥራት ይልቅ በአገጩ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። እማማ ጥሩወርቅ አልጋቸው ላይ ተደግፈው፣ እግራቸውን ትራስ ላይ ዘርግተው፣ ሁሉንም ያያሉ።

ትርንጎ የመጀመሪያው ሐሳቧ ቀላሉ ነበር። «ኢንተርኔቱ ያንተ ክፍል ጥሩ ከሆነ እማማን ለአፍታ ወደዚያ እንውሰዳቸው።»

«አልሄድም» አሉ እማማ ጥሩወርቅ።

«ለግማሽ ሰዓት ነው፣ እማማ።»

«ልጄ፣ እኔ በልየው በር የገባሁ ቀን ለቢተው ሞቻለሁ። በቢተው በር የገባሁ ቀን ለልየው ሞቻለሁ። እግሬ ይቆረጥ እንጂ ከዚች ክፍል አልወጣም።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። ትርንጎ ክርክር የማታቋርጥ ሴት ነበረች፤ እዚህ ላይ ግን ተወችው። እርሳሷን ከሹሩባዋ መዘዘች።

«ልየው፣ ሂድና ራውተርህን ከሶኬት ንቀለው።»

«ኧረ መምህርት! ሰዓቱ እየሄደ ጭራሽ ላጥፋው?»

«አጥፋው፤ ከዚያ እናወራለን።»

አጠፋው። ሁላችንም ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አልን። ስሙ አልጠፋም። «አባ ግስግስ» እንደ ቆመ ነው፤ የምልክቱ መስመሮች ሁሉ ሙሉ ናቸው።

«እንግዲህ የጠፋው ዋይፋይህ ይኸውልህ በርቷል» አለች። «ይህ የማን ነው?»

ልየው ወደ ግድግዳው ዞረ። ወንድሙ ዋይፋይ እንዳለው ያውቃል፤ ስሙንም ያውቃል፤ ግን ሁለት ሰው አንድ ስም ሲይዝ ማሽን ምን እንደሚያደርግ ያሰበ የለም።

«ማንም ሰብሮ አልገባብህም» አለች ትርንጎ። «ኮምፒውተሩ እናንተ መጣላታችሁን አልሰማም። አንድ ስም ሲያይ አንድ ቤት መሰለው። አንዴ አንተ ጋ፣ አንዴ እሱ ጋ ይሄዳል። እሱ ጋ ሲደርስ ያንተን ቁልፍ ያቀርባል፤ በሩ አይከፈትለትም። ወይ አንዳችሁ ስሙን አውርዱ፣ ወይ የይለፍ ቃላችሁን አንድ አድርጉት። አንድ ካደረጋችሁት ማሽኑ ከሁለታችሁም ጋር ያለ ችግር ይኖራል።»

«የአባቴን ስም አላወርድም!»

«የይለፍ ቃሉንስ?»

«ከእሱ ጋር? ከዚያ ሰውዬ ጋር?»

ተጨማሪ ቃል አላባከነችም። ወጥታ በአጥሩ ዞረች፤ እኔም ተከተልኋት። ቢተው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ በዚያ ስስ ግድግዳ ሁሉንም ሰምቷል። ፊቱ የልየው ፊት ነው፣ ትንሽ ቀጠን ያለ።

«ለግማሽ ሰዓት ራውተርህን አጥፋ» አለችው፣ ያለ ሰላምታ።

«እንደምን ዋሉ፣ መምህርት።»

«አልዋልንም። አጥፋው።»

«እሱ ልኮዎት ነው?»

«እኔ ሰው የሚልከኝ መስዬ እታያለሁ?»

ቢተው ከንፈሩን ነከሰ። «የሐኪሙ ነገር ሰበብ ነው። ባሕር ዳር ወስዶ እናቴን ሊያስፈርማት ነው። ይህች ክፍል ለእሱ እንድትሆን። አውቀዋለሁ፤ አብሬው አድጌአለሁ።»

«እሺ፣ እንዳትሸወድ ገብተህ ከአጠገባቸው ቁም።»

«እሱ ባለበት? መምህርት፣ እርስዎ አልገባዎትም። ይህ የዋይፋይ ጉዳይ አይደለም።»

«ለእኔ ነው» አለችው። «ለሌላው ሽማግሌ ጥራ። የይለፍ ቃልህን ስጠኝ፣ የእሱን በዚያው አስተካክለዋለሁ፤ እሱም አያውቅም።»

ቢተው ወደ መሬት አየ። ሊሰጣት ነው ብዬ ጠበቅሁ። እስካሁንም ለጥቂት የቀረ ይመስለኛል። ግን አንገቱን ነቀነቀ፤ «መጀመሪያ እሱ ስሙን ያውርድ» አለና በሩን ዘጋ።

ስንመለስ ዘጠኝ ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ቀርተዋል። ልየው ራውተሩን መልሶ አብርቶት ነበር። ትርንጎ አጭር ገመዷንና የራሷን ላፕቶፕ ይዛ ወደ ልየው ክፍል ገባች። ራውተሩን ገለበጠች፣ ከሥሩ የተለጠፈውን ቁጥር አነበበች፣ ላፕቶፗን ሰካች። «ምን እያደረጉ ነው?» አላት። «የምትከፍለኝን ሥራ» አለችው። አልከፈላትም፤ ከማንም አትቀበልም ነበር፤ ግን እንዲህ ስትል ሰው ዝም ይላል።

ትንሽ ቆይቶ ወደ እናቱ ክፍል የተመለሰው ልየው ሲጮህ ሰማን። ሮጠን ስንገባ ጣቱን ወደ ኮምፒውተሩ ቀስሮ ቆሟል። ከ«አባ ግስግስ» በላይ አዲስ ስም ወጥቷል፦ «የእናቴ እግር»።

«ማን ፈቀደልዎት? የአባቴን ስም አውርደው ይህን … ይህን ነውር!»

እማማ ጥሩወርቅ ቀና አሉ። «ምን ይላል?»

ልየው ፊቱን አዞረ።  ትርንጎ ናት ጮክ ብላ ያነበበችላቸው።

እሳቸው እግራቸውን አዩ። «እሱማ የኔ ነው» አሉ። «ይኑር።»

ልየው ወደ ትርንጎ ተራመደ። የሚገፋት መስሎኝ በመካከላቸው ገባሁ። ትርንጎ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ተናገረችው፦ «ነገ ትመልሰዋለህ። ዛሬ የይለፍ ቃልህን ጻፍ።» ጻፈ፤ ጣቱ ስለሚሳሳት ደግሞ ጻፈ። በሁለተኛው ተገናኘ፤ አልተቋረጠም።

የሐኪሙ ፊት ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ። ወጣት ነው፤ ሰላምታውን አሳጥሮ «ካሜራውን ዝቅ አድርጉት» አለ። ልየው የእናቱን ጣት ተጫነ። «ያምዎታል እማማ?» አለ ሐኪሙ። አይሰማኝም አሉ። ወደ ላይ፣ ወደ ቁርጭምጭሚቱ እያለ እንዲጫን አዘዘው። ቦታው ላይ ሲደርስ እማማ በአዊኛ ጮኹ። ሐኪሙ አዊኛ አያውቅም፤ ጩኸቱ ግን ትርጉም አላስፈለገውም።

በዚህ ጊዜ ትርንጎ ከኮምፒውተሩ ጎን የነበረውን ስፒከር አነሣች። ምን ልታደርግ እንደሆነ አልገባኝም። ገመዱ እስከፈቀደ ጎትታ ከቢተው ወገን ካለው ግድግዳ ሥር አስቀመጠችው፤ አፉን ወደ ጭቃው አዞረች፤ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፈተችው። የሐኪሙ ቃል ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ለእኛ ሳይሆን ለግድግዳው ነበር።

«መጠበቅ አይቻልም» አለ ግድግዳው ሥር የተቀመጠው ድምፅ። «ዛሬውኑ አምቡላንስ ይጠየቅ፤ እኔም ከዚህ እደውላለሁ። አሁን ከመጡ ጣቶቹን ብናጣ ነው። ከዘገዩ ከጉልበት በታች ነው የምናወራው። ቤተሰቡ በሙሉ ተስማምቷል?»

 ልየው ወደ እናቱ አየ።

«ልጆቼ ሁለት ናቸው» አሉ እማማ ጥሩወርቅ ለሐኪሙ። «አንደኛው እዚህ የለም። ካልመጣ አልሄድም።»

ሐኪሙ ሰዓቱን አየ።  ልየው ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ግድግዳው ሄዶ ቆመ። የወንድሙን ስም ይጠራል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጠራም። ትርንጎ ጀርባዋን ሰጥታ ገመዷን ትጠቀልላለች። ያ ዝምታ አሁንም አንዳንዴ ይመጣብኛል፤ የሴትዮዋ እግር በሁለት ልጆች አፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሁለቱም አፋቸውን ዘግተው።

ከዚያ የጓሮው በር ተንኳኳ። ያ በር ለቢተው ተዘግቶ አያውቅም፤ እሱ ግን አንኳኳ። ገባ። ልየውን አላየውም፤ ልየውም አላየውም። ወደ ስፒከሩ ጎንበስ ብሎ፣ ሐኪሙ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስል «ተስማምተናል» አለ።

አምቡላንሱ ሲመጣ አንዱ በራስጌ፣ ሌላው በግርጌ ይዘው አወጧቸው። በፊት በር ነበር፤ ቢተው ያን በር ሲያልፍ ከውርሱ ክርክር ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ሁለቱም ተሳፈሩ። እስከ ባሕር ዳር አንድ ቃል እንዳልተነጋገሩ በኋላ እማማ ጥሩወርቅ ራሳቸው ነገሩኝ። «ደህና ነው» አሉ፤ «ቢነጋገሩ ይጣሉ ነበር።» ጣቶቻቸውን አጡ። እግራቸው አለ። ዛሬም ከመካከለኛዋ ክፍል ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ወንበራቸው ለሁለቱም በር እኩል ይርቃል።

ያን ቀን ከትርንጎ ጋር ስንመለስ ጭጋግ ወርዶ ነበር። መንደርተኛው ወሬውን ሰምቶ መንገድ ላይ ሴቶች እጇን ሊስሙ መጡ፤ «አስታረቅሽልን!» እያሉ። እጇን ነጠቀቻቸው። «ማን ተነጋገረ?» ብላ ጮኸችባቸው። «ስም ነው የቀየርሁት!» ከዚያ ለእኔ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እየሄደች፣ «አንድ የይለፍ ቃል ነበር የጠየቅኋቸው» አለች። ያን ያህል የደከማት መስላ አይቻት አላውቅም።

ወንድማማቾቹ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። ልየው የራውተሩን ስም አልመለሰም፤ ለምን ሲባል «አሠራሩን አላውቀውም» ይላል። ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ያስገባው እሱ ነው። የቢተው አሁንም «አባ ግስግስ» ነው። በእነሱ አጥር ሥር ሳልፍ ስልኬ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያወጣቸዋል፤ የማልቆምበት ቀን የለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ታረቁ አልላችሁም። መታረቅ ፍላጎት ይጠይቃል፤ ፍላጎታችሁን ደግሞ እኔ አላመጣውም። ግን ግድግዳ ተጋርታችሁ የማትነጋገሩት ሰው ካለ፣ የዋይፋያችሁን የይለፍ ቃል በወረቀት ጻፉና በበሩ ሥር አስገቡለት። ይህን አስቀምጡትና አሁን ሂዱ።